የእኩል ሽጉጥ

አባቴ አዲሱን ሽጉጥ አገላብጦ አገላብጦ አየውና «መዶሻው የት ሄደ?» አለኝ።

«የለውም፣ አባዬ።»

«ሰርቀውታል በይኛ!»

«አልተሰረቀም። ሲሠራም የለውም።»

ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። ለዓመታት ወገቡ ላይ የኖረው ሽጉጥ ከኋላው መዶሻ ብቅ ያለበት ነበር። ያንን መዶሻ በአውራ ጣቱ ዳበስ ሳያደርግ ቀኑ አይጀመርለትም። አሁን የሽጉጡን ጀርባ ቢዳብስ ቢዳብስ ልሙጥ ብረት ብቻ ሆነበት። «ይሄ መላጣ ነው እንግዲህ ከሌባ የሚያስጥለኝ!» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ ከሚወስደው መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ወንዝ ዳር የተተከለውን የሽንኩርት አምራቾች የውሃ ሞተር ይጠብቃል። የድሮው ሽጉጥ ከማርጀቱ የተነሳ ሞላው ላልቶ በሁለት ጣት ይቀባበል ነበር። የአምራቾቹ ሊቀመንበር «ይሄንን ሌባ ቢያየው በሳቅ ይሞት ይሆናል እንጂ አይደነግጥም» ብሎ አስመለሰውና ፈቃድ ያለው አዲስ ሽጉጥ መጣ። መምጣቱስ ባልከፋ፤ አዲሱን የሚይዘው ግን ፈታኝ ፊት ተኩሶ ያለፈ ብቻ ነው ተባለ። የወደቀ እቤቱ ይቀመጣል።

እቤት መቀመጥ! እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ የዚህን ያህል የሚፈራው ነገር የለም። ሞት ሲነሳ «እንግዲህ አላህ ያውቃል» ብሎ ያልፈዋል፤ እቤት መቀመጥ ሲነሳ ግን አያልፈውም። «ከግድግዳ ጋር ላወራ ነው?» ይለኛል። እኔ ግድግዳ ነኝ ማለት ነው! ፖሊስ መሣሪያ ግምጃ ቤት ለዓመታት ሠርቼ፣ ለቅቄ ከመጣሁ ወዲህ ሥራ እስካገኝ ድረስ ያለሁት እሱው ቤት ነው።

ሽጉጡ ለልምምድ ሲሰጠን ጥይቱን ሊቀመንበሩ ቆልፎ አስቀረው። ደግ አደረገ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ደጃችን ያለችው የኒም ዛፍ ሥር ሰሌን አንጥፈን ተቀመጥን። ሙቀቱ ገና ንቅንቅ አላለም። ጣርማ በር ተራራ ላይ ሰው ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል፣ እኛ እዚህ ታች እንቀቀላለን። የጥይት ካዝናውን አወጣሁ፣ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቤ ውስጡን አየሁ፣ ለእሱም አሳየሁት።

«ባዶ?»

«ባዶ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ይህችን ሳንባባል ጀምረን አናውቅም።

«አሁን ስማኝ። ውስጡ ቀጥ ያለ መርፌ አለ፣ መርፌው ላይ ሞላ አለ። ሞላው ተጨምቆ ሲለቀቅ መርፌው ሄዶ ጥይቱን ይወጋዋል። በቃ፣ መዶሻ አያስፈልግም።»

«እሺ፣ ሞላውን ማን ይጨምቀዋል?»

ነገሩ ያለው እዚያው ላይ ነው። ግምጃ ቤት ሳለሁ መዶሻ የሌላቸው ሽጉጦች በየዓይነቱ አልፈውብኛል። ከውጭ ሲያዩዋቸው እህትማማች ይመስላሉ፤ ምላጫቸውን ሲስቡት ግን አይተዋወቁም። «በአንዱ ዓይነት» አልኩት፣ «ስታቀባብል የላይኛው ብረት ሞላውን እስከ መጨረሻው ይጨምቅልሃል። ለምላጩ የሚቀርለት ሥራ መልቀቅ ብቻ ነው። ጣትህ ትንሽ ገፋ ሲያደርገው ይሄዳል።»

«ወንድምሽ ነዋ! ሁሉ ተሰናድቶለት መጥቶ ይጎርሳል።»

«እሱን ተወው አሁን። በሌላው ዓይነት ደግሞ ብታቀባብል ጥይት ያጎርሳል እንጂ ሞላውን አይጨምቅም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጨምቀው ጣትህ ነው። ምላጩ ረጅም ነው፣ ይከብዳል። ግን ደጋግመህ ብትስበው ደጋግሞ ይመታል፣ የማንንም እጅ አይጠብቅም።»

አባቴ ምላጩን በጣቱ ዳበሰ። ከዚያ «እናትሽ» አለ ቀስ ብሎ።

ሁለታችንም ሽጉጡን ትተን ወደ ኒሟ ቅጠል አንጋጠጥን። እውነቱን ነው፣ እሷ የማንንም እጅ ጠብቃ አታውቅም። በጣም ናፈቀችኝ።

ሽጉጡን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ይሄኛውስ?» አለኝ።

«ይሄኛው መሃል ላይ ነው። ስታቀባብል ብረቱ ሞላውን ከፊል ይጨምቀዋል፣ የቀረውን ጣትህ ይጨርሳል።»

«የእኩል ነዋ!» ብሎ ጭኑን በጥፊ መታ። እኛ አገር አንዱ መሬቱን፣ ሌላው በሬውንና ጉልበቱን ይዞ መጥቶ ምርቱን ሲካፈሉ የእኩል ይባላል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰው እንዲያ ነው። «እንዲህ ብለሽ አትነግሪኝም ታዲያ! ምን ታደርቂኛለሽ!»

ቀጥሎ መጠበቂያ ቁልፍ ፍለጋ ገባ። በቀኝ ፈለገ፣ በግራ ፈለገ። ምላጩ መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ ምላስ አሳየሁት፤ እሷ በጣት ካልተጫነች ምላጩ አይሳብም። «ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ መሄድ ማለት አይደለም እንዴ ይሄ?» አለ። በአውራ ጣት የሚገፋ ቁልፍ ያለውም እንዳለ ስነግረው «ታዲያ እሱን አይገዙም ነበር!» ብሎ ሊቀመንበሩን ረገመው።

ያስቸገረን ግን ጣቱ ነው። የድሮው ምላጭ ረጅምና ከባድ ስለነበር አባቴ ከጉድጓድ ውሃ እንደሚያወጣ ሰው በሙሉ ክንዱ ነው የሚስበው። እዚህኛው ላይ ያ ሁሉ ጉልበት አፈሙዙን ወደ መሬት ይደፋዋል። ሽጉጡ አናት ላይ የለስላሳ ቆርኪ አስቀመጥኩና «ይሄ ሳይወድቅ ቀጭ ካሰኘኸው አለፍክ» አልኩት። «ቢስሚላህ» ይላል፣ ይስባል፣ ቀጭ! ቆርኪው ሰሌኑ ላይ ይንከባለላል። እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ቆርኪውን ይሰድባል።

የእኩል ሽጉጥ ደግሞ አንዴ ቀጭ ካለ፣ እንደገና ካልተቀባበለ ምላጩ ዝም ነው። ግራ እጁን ከዓመታት በፊት የሞተሩ ቺንጋ፣ ያ የሚሽከረከረው ቀበቶ፣ ይዞት ጣቶቹ እንደልብ አይጨብጡም፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ሲታገል ከማይ ብዬ እኔው አቀባብልለት ጀመር። ከእያንዳንዱ ቀጭ በኋላ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ሽጉጡን በግራው በኩል ይዘረጋልኛል፤ እኔ ብረቱን ስቤ እለቅለታለሁ። ሳናስበው ለመደብን። ቀኑን ሙሉ እህ ብለን የማንነጋገር ሰዎች፣ ያ ሰዓት ሲደርስ ሰሌኑን ለማንጠፍ እንሽቀዳደም ጀመር። በመጨረሻ ቆርኪው አልወድቅም አለ። አባቴ ሽጉጡን እንደያዘ በኩራት አየኝ፣ እኔም ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብዬ ተኮፈስኩ።

ፈተናው ከወንዙ ማዶ፣ ድንጋይ የሚፈለጥበት ጉድባ ውስጥ ነበር። ባዶ የድልህ ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል። እኔ ከአምራቾቹ ጋር ከተዘረጋው ገመድ ወዲህ ቆሜያለሁ። ፈታኙ ረጋ ያለ ፖሊስ ነው፤ ጥይት የተሞላ ካዝና ሰጠው። አባቴ ካዝናውን ከተተ፣ «ቢስሚላህ» አለ፣ ዓይኑን ከቆርቆሮዎቹ ሳይነቅል አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ሽጉጡን በግራው በኩል ዘረጋው። ከዚያ ጠበቀ።

ፈታኙም ጠበቀ።

«ሳቢ እንጂ!» አለ አባቴ።

ጉድ ፈላ! አምራቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ፈታኙ ከንፈሩን ነክሶ «አባባ፣ ራስዎ ያቀባብሉ እንጂ» አለው። አባቴ ያኔ ነቃ። ግራ እጁን ላከ፣ ጣቶቹ ጠንካራው ብረት ላይ ሸርተት አሉ። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ። ሳቁ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምላጭ ምላጭ ስንል ከርመን እጁን ረስተነው!

ገመዱን አልፌ «እኔ ላቀባብልለት» አልኩ። ፈታኙ ሊቆጣኝ ሲል ሊቀመንበሩ «እስቲ ይሁን፣ እንየው» አለ። አባቴ ዘረጋልኝ፣ ስቤ ለቀቅኩለት። አንደኛው ቆርቆሮ ወደቀ። በጥይት ሲሆን ሽጉጡ ራሱን እንደሚያቀባብል ረስቶ እንደገና ሊዘረጋልኝ ሲል ፈታኙ ክንዱን ለቀም አደረገው። የቀሩትም ተራ በተራ ወደቁ።

«ተኩሱስ ግሩም ነው» አለ ፈታኙ። «ግን ብቻውን ማቀባበል ለማይችል ሰው አልፈርምም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ።»

አባቴ ሽጉጡን መለሰና እጁን ኪሱ ከተተ። እቤቱ፣ ግድግዳው፣ ሁሉም ፊቱ ላይ ይታዩኝ ነበር።

«አንቺስ?» አለኝ ሊቀመንበሩ። «መሣሪያ ቤት ነበርሽ አይደል?» ተፈተንኩ። በእልህ ተኩሼ በእልህ አለፍኩ። «እንግዲህ ጠባቂዋ አንቺ ነሽ። አባትሽ መጥተው አጠገብሽ ቢቀመጡ አልከለክልም» አለ።

አሁን ሽጉጡ እኔ ወገብ ላይ ነው፣ አባቴ እኔ አጠገብ። አለቃ ሆኖብኛል። ሞተሩ ሲያስል ናፍጣው ነው ይላል፣ መንገደኛውን ሁሉ ከወዴት ነህ ይላል። ግራ እጁን እንዲያፍታታበት ጨርቅ ጠቅልዬ ኳስ ሠራሁለት፤ እሷን ሲጨምቅ ይውላል። ከአስር ሰላት በኋላ ጥይቱን አውጥቼ እቆልፋለሁ፣ ባዶ ባዶ እንባባላለን፣ ቆርኪውን እናስቀምጣለን።

ባለፈው ሰሞን ባዶውን ሽጉጥ እሱ ዘንድ ትቼ ቦይ ላስተካክል ወረድ አልኩ። ስመለስ ብረት ሲቀባበል ሰማሁ። በሞተሩ ቤት ጥግ አጮልቄ አየሁ። አባቴ ብቻውን፣ በዚያች ግራ እጁ ብረቱን እስከ ኋላ ስቦ ለቀቀ። ቀጭ። ደግሞ ሳበ። በደስታ ወደ እሱ ሮጥኩ። ኮቴዬን ሲሰማ ዞር አለ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሽጉጡን በግራው በኩል ዘረጋልኝ።

«አባዬ! ትችላለህ እኮ! ለሊቀመንበሩ እንንገረው፣ እንደገና ይፈትኑህና ቦታህን ትይዛለህ። እኔም ሄጄ ሥራዬን እፈልጋለሁ!»

«እና እዚህ ብቻዬን ልቀመጥ?» አለ። ክንዱን አላጠፈም። «ሳቢ እንጂ።»

ሳብኩለት።