አዴ ከሚላ የቻይና ምግብ የተማሩበት ረመዳን

ሮቤ ገበያ ውስጥ አዴ ከሚላን የማያውቅ ሰው ካለ ስንዴ ሸጦም ገዝቶም አያውቅም ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት እህል ነግደዋል። አንዲት ፍሬ በጥርሳቸው ሰብረው ዝናብ የነካው ይሁን ያልነካው፣ ለዳቦ የሚሆን ይሁን ለቂንጬ ይነግሯችኋል። ምግብ ማብሰል ግን አያውቁም። ይህን የምለው ላማቸው ፈልጌ አይደለም፤ ራሳቸውም አይክዱትም። ጓዳውን ይዘው የኖሩት ታላቅ እህታቸው ረቢያ ነበሩ፤ እሳቸው አምና ሲሞቱ የወጥ ሙያም አብሯቸው ከግቢው ወጣ። ከዚያ ወዲህ አዴ ከሚላ የሚበሉት ወይ ከሆቴል ነው ወይ ከእኔ። እኔ ሮሚ እባላለሁ። የጉራጌ ልጅ ነኝ፤ በግቢያቸው በር ላይ ሱቅ ተከራይቼ ስነግድ ስምንተኛ ዓመቴ ነው። ነገር አይቼ ዝም ማለት አልችልበትም።

እንግዲህ ለእኚህ ሴት ነው አላህ ቻይናዊት አራስ የሰጣቸው።

ልጃቸው ሳላሀዲን ስለ ስንዴ ሊማር ቻይና ሄዶ፣ ላንዡ ከምትባል ከተማ ሊንን አግብቶ ተመለሰ። ሊን እዚያው አገር ካሉት ሙስሊሞች ወገን ናት። እሱ አጋርፋ ያስተምራል፤ ጠዋት በአውቶቡስ ሄዶ ማታ ይመጣል። እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ጓሮ ባለው ክፍል የራሷን ምግብ ራሷ ስትሠራ፣ ምን እንደምትበላ ጠይቀናት አናውቅም። ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሴት ልጅ ወለደች። ልታርሳት ትመጣለች የተባለችው እናቷ እግሯ ተሰብሮ ላንዡ ቀረች፤ አራሷን ማብላት የአማቷ ዕዳ ሆነ።

ጎረቤቱ ገንፎ ይዞ ጎረፈ። መሀሉ ላይ ቅቤ የተኛበት፣ ሳየው እኔን የሚያስጎመጅ ገንፎ። ሊን ለይሉኝታ አንድ ማንኪያ ትውጥና ፊቷ አመድ ይመስላል። ወተቷ እያነሰ ሄደ። ሕፃኗ ዙሀይራ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመዘን ምንም ኪሎ አልጨመረችም። ይሄኔ ሳላሀዲን ፈራ። እሑድ ዕለት እናቱን፣ “አዲስ አበባ ያገሯ ሰዎች አሉ፤ ምግቧን ያውቃሉ። ቅዳሜ በአውሮፕላን እወስዳቸዋለሁ” አላቸው።

አዴ ከሚላ ሱቄ መጥተው በርጩማው ላይ ዘፍ አሉ። “ሮሚ፣ አራስ ርቧት ከቤቴ ልትወጣ ነው” አሉኝ። ዓይናቸው ላይ እንባ የለም፤ ንዴት ነው ያለው። “አርባ ቀኗ ሳይሞላ! ከእንግዲህ በየትኛው ፊቴ ነው ገበያ የምቆመው?” ደግሞም፣ “ምግብሽ ከምንድን ነው የሚሠራው አልኳት። ከስንዴ ነው አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ስንዴ የሸጥኩ ሴት በስንዴ ልሸነፍ?” ብለው ብድግ አሉ።

ሊን የናፈቃት የእናቷ ሾርባ ነው፤ ጥርት ያለ የአጥንት መረቅ፣ ዝንጅብል፣ የድንብላል ቅጠል፣ ውስጡ ደግሞ በእጅ እየተሳበ የሚረዝም ፓስታ። ተነስቼ ልሥራው ብላ ነበር። “ተኚ!” አሏት። ለካ በእነሱም አገር አራስ ወር እስኪሞላት ቀዝቃዛ ውሃ አትነካም፤ በዚህ ላይ ባሌ አገርና ቻይና ተስማሙ። ስለዚህ የከሰል ምድጃውና የሊጡ ጠረጴዛ ከክፍሏ በር ላይ ተደረገ፤ እሷ ከአልጋዋ ታዛለች፣ አዴ ከሚላ ይሠራሉ።

ሰኞ ሊጡ እርሾ ገባበት። ማንም አላዘዛቸውም፤ በሕይወታቸው እርሾ የሌለበት ሊጥ ስላላዩ ነው። እስከ ቀትር ተነፍቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሊን ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት። ማክሰኞ ያለ እርሾ ቢያቦኩት ሲሳብ ብጥስጥስ አለ። ዱቄቱ ነው ጥፋተኛው ብለው ረቡዕ በማለዳ ገበያ ወረዱ። ጾም ናቸውና ፍሬውን በጥርስ መስበር የለም፤ በመዳፋቸው እያሹ፣ ወደ ጆሮ አስጠግተው እያንኮሻኮሹ ስድስት ነጋዴ ዘንድ ዞሩ። የመረጡትን አስፈጭተው በስስ ሻሽ ሦስት ጊዜ ነፉት፤ ክንዳቸው እስኪዝል አሹት፤ ዘይት ቀብተው አሳረፉት። ያን ቀን ሊጡ ክንድ ሙሉ ተሳበ። እንደ መጫኛ የወፈረ ቢሆንም ተሳበ። “ማሻአላህ!” ብለው ሲጮሁ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየ።

ሊን ግን አልበላችም። “ጥሩ ነው፣ አዴ” ትላለች፤ ሳህኑ ግማሹ እንኳን ሳይነካ ይመለሳል። የሚቀምስ ሰው የለ! አዴ ከሚላ ጾም ናቸው። እኔ ሁዳዴ ይዣለሁ፤ የሥጋ መረቅ በከንፈሬ አይዞርም። የመስጊዱ ኡስታዝ በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይፈቀዳል ቢሏቸው፣ “ቀምሼስ ከምን ጋር ላወዳድረው? በልቼው አላውቅ!” ብለው ተዉት። በግቢው ጾም ያልያዘ አፍ የሊን ብቻ ነው፤ እሱም አማቱን ማስቀየም አይችልም።

ሐሙስ ዝንጅብል ይዤ ስገባ ከበሩ ላይ ቆምኩ። ሁለት ሳምንት ተኩል ቅቤ ያልቀመሰ ሰው አፍንጫው አይሳሳትም።

“አዴ ከሚላ፣ ቅቤ ጨመሩበት!”

“ቀስ በይ፣ ትሰማለች።”

“አይግባበት ብላ የለም እንዴ?”

“አንዲት ማንኪያ እኮ ናት” አሉ። ማንኪያ ያሏትን አየኋት፤ ጭልፋ ናት። “አራስ ያለ ቅቤ አጥንቷ በምን ይጠገናል? ሰው ቢሰማስ ቅቤ ሰሰተችባት አይለኝም?”

ደሜ ፈላ። “የምትበላው እኮ ሊን ናት፣ ሰው አይደለም! ዛሬ በኢፍጣር ሳምቡሳውን ይተዉትና ይህንኑ ይብሉ” አልኳቸው። ተከራይ ሆኜ፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት ላይ እንዲህ መጮኼ ወዲያው ጸጸተኝ። እሳቸው ግን ዝንጅብሉን ከእጄ ተቀብለው መላጥ ጀመሩ።

አዛን ሲል በቴምርና በውሃ አፈጠሩ፤ ከዚያ የተረፈውን ሳህን ሳቡ። ሳላሀዲንና እኔ ቆመን እናያለን። ቅቤው ረግቶ ፓስታው ላይ ተጣብቋል። አንድ ጎረሱ፣ ሁለተኛውን በግድ ዋጡ፣ ሦስተኛው ላይ እጃቸው ቆመ።

“ያ ረቢ” አሉ። “ይህን ነው ሳበላት የሰነበትኩት? ለዚህ ነው ጥሩ ነው የምትለኝ?” ያኔ አለቀሱ። ባላቸው ሲሞቱ ያላየሁትን እንባ ያን ምሽት አየሁት። “ሰው ምን ይለኛል ስል ልጄን አስራብኳት።”

ዓርብ ጠዋት የቅቤውን ዕቃ ሱቄ አመጡት። “እጄን አላምነውም፤ አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ አንቺም እስከ ፋሲካ አትነኪውም” አሉ። ከዚያ ሊን አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጥሩ ነው የምትለዋን ቃል ከዛሬ ጀምሮ መስማት አልፈልግም። እናትሽ ብትሆን የምትያትን በይኝ” አሏት።

አጥንቱ ከማለዳ ጀምሮ ተቀቀለ፤ አዴ ከሚላ አረፋውን ከላይ ከላይ እየገፈፉ ከምድጃው አልተነሱም። መረቁ ጥርት አለ። ሊጡን ሳቡት፣ አጠፉት፣ እንደገና ሳቡት፤ ከሰኞው ጋር ሲታይ ሌላ ሰው የሠራው ይመስላል። ማታ ሳላሀዲን ሲገባ ሊን መረቁን ፉት አለች። አማቷን አየቻቸው፣ ባሏን አየችው፤ ሳህኑን ዝቅ አደረገች።

“ጨው የለውም” አለች። “ፓስታው አሁንም ወፍራም ነው። እናቴ ብትሆን ድገሚው እላት ነበር።”

ሳላሀዲን ደነገጠ። አዴ ከሚላ ጨው ሊያመጡ ሲነሱ እግራቸው ጠረጴዛውን ሊገለብጠው ምንም አልቀረው። “ሰማችሁ?” ይላሉ፤ “ሰማችሁ ያለችኝን?” ሊን ሁለት ሳህን ጨርሳ ልጇን አቅፋ ተኛች። ሳላሀዲን ጉዞውን በአንድ ሳምንት አራዘመው፤ በሳምንቱ ዙሀይራ ስትመዘን ጨምራ ስለተገኘች ቲኬቱ ጭራሽ ቀረ።

ሊሄዱባት በነበረችው ቅዳሜ አውሮፕላኑ ሲነሳ ከሱቄ በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። ድምፁ ራቅ ሲል ከግቢው ውስጥ የሊን ጩኸት መጣ፤ “አዴ! አይክተቱት፣ ውሃው ገና አልፈላም!” ያቺ ዝምተኛ ልጅ! በሮቤ ገበያ አዴ ከሚላን እንዲህ የሚቆጣ ደፋር እስከ ዛሬ አላየሁም። እሳቸውም “እሺ፣ እሺ” እያሉ ሊጡን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ቆመው ውሃው እስኪፈላ ጠበቁ።