በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አሥራ አንድ ባዶ ቦታ

በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የእናት አባት ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ተማሪውም፣ መምህሩም፣ የበሩ ዘበኛም «እትዬ ማኅተም» ነው የሚላት። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ለጥረዛ ከመሄዱ በፊት በእሷ ጠረጴዛ ላይ ማለፍ ነበረበት። በጽሑፉ መጨረሻ የተዘረዘሩትን መጻሕፍት አንድ በአንድ ትፈልጋለች። መደርደሪያ ላይ ካሉ ሄዳ በእጇ ትነካቸዋለች፤ ከሌሉ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ደውላ ትጠይቃለች። የተጠቀሰውን ገጽ ከፍታ የተባለው ነገር እዚያ መኖሩን ታያለች። ሁሉም ልክ ሲሆን የእንጨት እጀታ ያለውን ማኅተም ከመሳቢያዋ አውጥታ «ተመሳክሯል» የሚለውን ታሳርፍበታለች። ድምፁ እስከ ንባብ ክፍሉ ጥግ ይሰማል። ያን ድምፅ ሰምቶ እፎይ ያላለ ተመራቂ አልነበረም።

እሷ ራሷ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የላትም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በጽዳት ሠራተኛነት ነው የገባችው። አንድ ቀን አቧራ መጥረጊያ ጨርቋን በአንድ እጇ፣ መጽሐፍ በሌላ እጇ ይዛ ቆማ ስታነብ አንድ የታሪክ ፕሮፌሰር አገኟት። የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ የመጣበት ጊዜ ነበር። ይከሱኛል ብላ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው ስትመልስ «እስቲ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢልኝ» አሏት። አምስት ዓመት አነበበችላቸው። በሕይወታቸው የጻፉትን ብቸኛ መጽሐፍ እሳቸው እየተናገሩ እሷ በእጇ ጻፈችው። ያልከፈቱትን መጽሐፍ መጥቀስ በሐሰት መመስከር ነው ብለው ያስተማሯትም፣ ለማመሳከሩ ሥራ ያጯትም እሳቸው ናቸው። ካረፉ በኋላም ጸሎት ስታደርስ ስማቸውን ሳታነሣ ቀርታ አታውቅም።

ኋላ ዲን የሆነው ሰው እሷ ማኅተሙን በያዘች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪ ነበር፤ ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ ወረፋ የማይወድ። በፈተና ሳምንት ተማሪ ሁሉ የሚሻማበትን ብቸኛ መጽሐፍ ከጠረጴዛዋ ሥር ደብቃ የምታቆይለት እሷ ነበረች። «እትዬ፣ አንድ ቀን ሰው ስሆን አልረሳዎትም» ይላት ነበር።

አልረሳትም። ዲን በሆነ በሁለተኛው ወር አስጠራት።

ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። እሷን ግን ተቀመጪ ያላት የለም።

«የማመሳከሩን ሥራ ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራዋል» አላት። «አንቺ ሦስት ቀን የምትፈጂበትን እሱ በሦስት ሰከንድ ይጨርሰዋል።»

አንቺ ማለቱ ከሥራው ወሬ በፊት ጆሮዋ ውስጥ ገባ። እሷ ግን እርስዎ ማለቷን አልተወችም። «እስቲ ይንገሩኝ፣ መጽሐፉን ይከፍተዋል?» አለችው።

«መክፈት ምን ያደርግለታል? ያውቀዋል እኮ።» ወደ ሰዎቹ ዞር ብሎ ሣቀ። «እትዬን እኮ ሙዚየም አስገብተን ትኬት ብንቆርጥባት ያዋጣናል።»

ሰዎቹም ሣቁ። ወደ ምድር ቤቱ የአሮጌ ጋዜጦች ክፍል መዛወሯንና የዓመቱ መጨረሻ ላይ ከሥራ እንደምትሰናበት የሚገልጸውን ደብዳቤ ሰጣት። ማኅተሟን ተቀብሎ መስኮቱ ንፋስ ስለሚያስገባ የተቆለሉት ወረቀቶች ላይ ጫነው። ስትወጣ ዞር ብላ ያየችው ማኅተሟን ነው፤ ወረቀት እንዳይበር ተጎልቶ። ደረጃውን ስትወርድ አላለቀሰችም። በልቧ «ቆይ» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በዚያ ዓመት መምህራኑ ሻይ ቤት ውስጥ የሚያወሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ተማሪዎች ያልጻፉትን ጽሑፍ ያቀርባሉ፣ አንዳንድ መምህራንም ሳያነቡ በማሽን ያርማሉ። በጡረታ ደጃፍ ላይ ያሉት የጂኦግራፊው መምህር ስኳር እያማሰሉ «ተማሪው በማሽን ይጽፋል፣ እኛ በማሽን እናርማለን። ሁለቱን ማሽኖች ካባ አልብሰን ብናስመርቃቸው እኛ ቤታችን ገብተን እንተኛ ነበር» አሉ። ሁሉም ሲሥቅ ማንኪያቸውን አስቀምጠው «የቀልዴን አይደለም። ነገ ዩኒቨርሲቲ ለምን ያስፈልጋል ብለው ቢጠይቁን ምን ብለን ነው የምንመልሰው?» አሉ።

ዲኑ በበኩሉ ለፕሮፌሰርነት አመለከተ።

ዩኒቨርሲቲው አንድ የቆየ ደንብ አለው። ፕሮፌሰርነት የሚጠይቅ ሰው በሥራው ውስጥ የጠቀሳቸው መጻሕፍት በሙሉ፣ ሴኔቱ ከመሰብሰቡ በፊት ሦስት ቀን በቤተ መጻሕፍቱ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። በየመጽሐፉ ፊት ርእሱ የተጻፈበት ካርድ ይቀመጣል፤ የፈለገ ሁሉ መጥቶ ይከፍታል። ለስድስት ዓመት ያመለከተ ሰው ስላልነበረ ደንቡን አብዛኛው ሰው ረስቶታል። ጠረጴዛውን የሚያዘጋጀው ደግሞ የአሮጌ ጋዜጦች ክፍል መሆኑን ከእሷና ከዲኑ ጸሐፊ በቀር የሚያስታውስ አልነበረም። ጸሐፊዋ እንደ ደንቡ ዝርዝሩን ወደ ምድር ቤት ላከችው።

አርባ ሦስት መጻሕፍት ናቸው። ሠላሳ ሁለቱን በአራት ቀን ሰበሰበች። አሥራ አንዱ ግን የሉም። የሚያውቋትን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ሁሉ ጠየቀች፤ ደብዳቤ ጻፈች። ከየአቅጣጫው የመጣው መልስ አንድ ነው፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ታትሞ አያውቅም። ከአሥራ አንዱ ዘጠነኛውን ስታነብ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። የመምህሯ ስም ነው። «ቅጽ ሁለት» ይላል፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት።

ቅጽ ሁለትን እጀምራለሁ ብለው ደብተር ያስገዟት እሷን ነበር። አንድ ቃል ሳያስጽፏት አረፉ። ደብተሩ ዛሬም ቤቷ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ነጭ እንደሆነ።

ልብስ ሰፊ የሆነች ታናሽ እህት አለቻት፤ አብረው ነው የሚኖሩት። ነገሩን ስትነግራት እህቷ ክር በመርፌ እያስገባች «በጊዜ ንገሪውና ያርመው» አለች።

«አልነግረውም።»

«አንቺ ሴት፣ ለፈጣሪ ስጪው እንጂ።»

«ሰጥቼው ነበር እኮ። ዝርዝሩን መልሶ ወደ እኔ ላከው።»

«የላከችው ጸሐፊዋ ናት።»

«በጸሐፊም በኩል ይሠራል» አለች እትዬ ማኅተም። እህቷ ሣቋ መጥቶ መርፌዋን ጣለች።

ጠረጴዛውን ባዘጋጀችበት ቀን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እንደምታደርገው ጨርቅ ይዛ ጀመረች። ሠላሳ ሁለቱን መጻሕፍት ደረደረች። ለአሥራ አንዱ የመጽሐፍ ስፋት ያህል ቦታ እየለካች ተወች። ባዶውን እንጨት መስታወት እስኪመስል ሰም ቀብታ ወለወለችው። በየባዶው ፊት ካርዱን አቆመች፤ ደራሲ፣ ርእስ፣ ገጽ፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል። የሚያነቡት ሰዎች ፊት እየታያት በእጅ ጽሑፏ እንደዚያን ቀን ተጠብባ አታውቅም።

በመጀመሪያው ቀን የጂኦግራፊው መምህር መጡ። ጠረጴዛውን ዞረው አንዱ ባዶ ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይኼኛው ሰው ወስዶት ነው?»

«እኔም እየፈለግኩት ነው፣ ጋሼ።»

«ይኼስ?»

«እሱንም።»

እስከ አሥራ አንድ ቆጠሩ። የሟቹ ፕሮፌሰር ካርድ ዘንድ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩዋት። «ቅጽ ሁለት አላቸው እንዴ?»

«የጠቀሱት ዲኑ ናቸው። የት እንዳነበቡት እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍቱን ለዓመታት ያልረገጡ መምህራን ሳይቀሩ መጡ። ባዶውን ቦታ የሚያዩት ከመጻሕፍቱ በላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ዲኑ ገባ። ላብ በላብ ሆኗል።

«እትዬ» አላት። «እባክዎ እነዚህን ካርዶች ያንሡልኝ።»

እርስዎ ተመልሶ መምጣቱን ሰማች። አልጣፈጣትም ማለት ውሸት ነው።

«ለምን ይነሣሉ? ደንብ ነው።»

«ጊዜ አጥሮኝ ነው። ማሽኑ ነው የዘረዘረው፤ ከየት እንዳመጣው እኔስ ምን አውቄ።»

«ያውቀዋል ብለውኝ አልነበረም?»

ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወደ ቦታዎ እመልስዎታለሁ። ነገውኑ ደብዳቤ እጽፋለሁ» አላት።

ለወራት የጠበቀችው ነገር እጇ ላይ መጣ። ጎንበስ ብላ ዘጠነኛውን ካርድ አስተካከለች። «የመምህሬን ቅጽ ሁለት ያምጡልኝ፣ ካርዶቹን ሁሉ አነሣለሁ።»

«የለም እኮ፣ እትዬ።»

«ይህንን ነው መስማት የፈለግኩት። ግን ለእኔ አይደለም፤ ነገ ለሴኔቱ ይንገሯቸው።»

ነገራቸው። ሊነግራቸው አልፈለገም ነበር፤ የጂኦግራፊው መምህር ግን ወረቀት ሳያይ በአፉ እንዲያስረዳ ጠየቁት። «ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ምን ይላል?» አሉት፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪን በሚጠይቁበት ለስላሳ ድምፅ። በመጨረሻ «መጽሐፉ የለም» አላቸው። ከዚያ ስብሰባ ሲወጣ ፕሮፌሰር አልሆነም፤ በወሩም ዲን መሆኑ ቀረ። ሴኔቱ ማሽኑን አልከለከለም። ነገር ግን የተጠቀሰ መጽሐፍ ሁሉ በሰው እጅ ተከፍቶ ሳይታይ ምንም ጽሑፍ እንዳይጠረዝ ወሰነ። የስንብት ደብዳቤዋንም ሻረ። ማኅተሙን የጂኦግራፊው መምህር ራሳቸው ይዘውላት ወረዱ። ቀለሙ ደርቆ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ ጠዋት የቀድሞው ዲን ሃያ ሰባት መጻሕፍት የጠቀሰበትን አዲስ ጽሑፍ ይዞ ጠረጴዛዋ ዘንድ መጣ። ወረፋ አለ።

«እትዬ፣ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው» አላት።

«ተራህን ጠብቅ» አለችው፤ ተማሪ ሳለ እንደምትለው።

ከተማሪዎቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ተራው ሲደርስ አንድ በአንድ ፈለገች፤ አልቸኮለችም። በአሥራ አራተኛው ላይ ገጹ ተሳስቷል። ሙሉውን መለሰችለት። በሳምንቱ ሲያመጣው የአንዱ የኅትመት ዓመት ልክ አልነበረም፤ መለሰችለት። ሦስተኛ ጊዜም መለሰችለት። ስሕተቶቹ እውነተኛ ነበሩ፤ ስታገኛቸው መደሰቷም እውነት ነበር። በአራተኛው ሃያ ሰባቱን መጻሕፍት ራሱ ተሸክሞ መጣ። በየገጹ ወረቀት አስገብቶባቸዋል። እያንዳንዱን ከፍቶ መሥመሩን በጣቱ አሳያት፤ ስለ ሁለቱ ስትጠይቀው ሳያይ አስረዳት። ማኅተሙን አነሣችና አሳረፈችው፤ ድምፁ እስከ ጥግ ተሰማ።

ያን ዕለት ስትጸልይ የበቀሏን ነገር አንሥታ ይቅርታ ልትጠይቅ አስባ ነበር። ምኑን ብላ እንደምትጸጸት ፈለገች፣ ፈለገች። ስታጣ ጊዜ ምስጋና ብቻ አደረሰችና የመምህሯን ስም ጠርታ ተነሣች።