የተቆረጠችው የመጨረሻ መስመር

ከአዲስ አበባ በወጣሁበት ምሽት አባባ ሳላቸው እያጣደፋቸው ካልሸኘሁ ብለው ከወሎ ሰፈር ቤታችን እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መጡ። የምሠራበት የውጭ ድርጅት ወደ ናይሮቢ አዛውሮኝ ነው። የመውጫ ቪዛ በስንት ደጅ ጥናት እንደሚገኝ ታውቁታላችሁ፤ ከተመለስኩ ዳግም እንደማልወጣ እሳቸውም እኔም ገብቶናል። «ሂድ፣ እኔ ደህና ነኝ» አሉኝ።

የናይሮቢ አየር ከሸገር ብዙም አይርቅም፤ የከዳኝ ምግቡ ነው። ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ምግባቸውን ሲያቀርቡልኝ ገንፎ መስሎኝ ቅቤና በርበሬውን ጠበቅሁ፤ እስካሁን አልመጣም።

ደብዳቤ ይዘገያል፣ ይከፈታልም። ስለዚህ የአባባን ወሬ የምሰማው በሥራዬ በኩል ነበር። አዲስ አበባ፣ ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ባለው ቢሯችን የምትሠራው ጎረቤታችን አልማዝ ሪፖርቱን ከኮምፒውተሯ፣ ሞደም በሚባል ማገናኛ፣ በስልክ መስመር ስትልክልኝ፣ ከግርጌው በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መስመር አማርኛ ትጨምርልኛለች። ሪፖርቱ እየረዘመ ሲመጣ ግን መጨረሻው ይቆረጥ ጀመር። «አባባ» ይልና ያበቃል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ።

አለቃዬ ጎዶሎውን ሪፖርት ይዞ መጥቶ፣ አገራችሁ የጀመረውን የማይጨርሰው ለምንድን ነው አለኝ። ብንጨርስማ ኖሮ እኔ እዚህ ምን እሠራ ነበር አልኩት።

በእኔ በኩል ያለውን ሽቦ ሁሉ ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። ጥፋቱ ቦሌ ነበር። ሞደሙ ሲሞላበት ኮምፒውተሩን «ቆይ» የሚልበት ሽቦ አለው፤ የቦሌው ኮምፒውተር ግን ያን ሽቦ እንዲሰማ አልታዘዘም። በሞላ ማሰሮ ላይ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው ዝም ብሎ ይልካል፣ ትርፉ ይፈሳል።

ስልክ አስያዝኩና ለአልማዝ የምትጽፈውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል ነገርኳት።

«አባባስ?» አልኳት በመጨረሻ።

«ደህና ናቸው። አሁን ሙሉውን እልክልሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

ሪፖርቱ አንድ ፊደል ሳይጎድል መጣ። አለቃዬ ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ ግርጌውን አነበብኩ፦ «አባባ ደህና ናቸው። ብቻህን ነው የምትኖረው? አጠገብህ ያለ ያገራችን ትልቅ ሰው ስምና ስልክ ላክልን።»

እኛ ዘንድ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው በስልክ አይነገርም፤ መጀመሪያ ቤቱ ሰው ይላካል።

ከእኔ ሁለት ቤት አልፎ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ያገራችን ሽማግሌ አሉ። ስልካቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ። አልማዝ በየሪፖርቱ ግርጌ ትጠይቀኛለች፤ ጥያቄዋም ሙሉ ሆኖ ይደርሰኛል። ፈርቻለሁ። እስካሁን አልላክሁላትም።