ውሻው ከቆመ

ወንድሜን አብዮት ጠባቂዎች በወሰዱት ቀን ውሻው መኪናውን ሊከተል በኃይል ሲዘል ሰንሰለቱ መንጭቆ ጣለው። በማግስቱ የኋላ እግሮቹን መሬት ለመሬት ይጎትት ጀመር። ጥጃ የሚያክል ውሻ ነው፤ ወንድሜ ከድርሻው እያጎረሰ ያሳደገው።

ደብረ ዘይት አንድ የውጭ አገር የእንስሳት ሐኪም ጀርባውን ከፍተው ከአከርካሪው መሃል ያፈተለከውን ዲስክ የሚሉትን ለስላሳ አጥንት አወጡለት። «ቀሪው የእናንተ ሥራ ነው፤ ባይቆምም አትዘኑ» አሉን በአስተርጓሚ። ናዝሬት ድረስ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በጋሪ አምጥተን ሳሎን አስገባነው።

ሳሎን! እናቴ ውሻ ደጃፏን ሲረግጥ መጥረጊያ የምታነሳ ሴት ነበረች። የንስሐ አባታችን ውሻውን በወንድሜ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ሲያዩት ፀበሉን ከደጅ ረጭተው ተመለሱ። እሷ ግን ግድ አልሰጣትም። ለካ እግዜርን ምልክት ጠይቃዋለች።

«ይሄ ውሻ ከቆመ ልጄ በሕይወት አለ» አለችኝ።

«ካልቆመስ እማዬ?»

«አፍሽን ያዢ!»

በጣም ተናደድኩ። በውሻ እግር ይጠነቆላል እንዴ? ነገር ግን ከዚያ ወዲህ እኔም ነገሩ ተጋባብኝ፤ ጎኑ እንዳይቆስል ባገላበጥኩት ቁጥር ወንድሜን የማገላብጥ ይመስለኛል። ሽንቱን ሆዱን ተጭኜ አስወጣለሁ፣ እግሮቹን አጥፌ እዘረጋለሁ፣ ጣቶቹን እቆነጥጣለሁ። ምንም አይሰማውም። አንዳንዴ በጠራራ ፀሐይ ጆሮውን አቁሞ ወደ ወንድሜ ክፍል ትክ ብሎ ያያል። እናቴም አብራው ታያለች። ያኔ በገዛ ቤቴ መተንፈስ ያስፈራኝ ነበር።

ቁስሉ ሲደርቅ ሶደሬ እየወሰድን፣ ከሰዎቹ መታጠቢያ ዝቅ ብሎ ፍልውሃው ወደ አዋሽ በሚፈስበት ቦይ ውስጥ ሆዱን በነጠላ ደግፈን እናቆመው ጀመር። አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ። አላፊ አግዳሚው «ውሻም ክርስትና ይነሳል?» እያለ ይስቅብናል። አዞ ይበላናል ስላት «ይብላና እንገላገል» ትለኛለች።

አንድ ቀን እዚያው ውሃ ውስጥ ጣቱን ስቆነጥጠው እግሩን ነጠቀኝ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ክረምቱ ሳይወጣ ውሻው እየተንገዳገደ ከሳሎን እስከ ውጭው በር ሄደ። ያን ዕለት የወንድሜን ሸሚዞች በሙሉ አጥባ ተኮሰች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ፣ ገና ሲነጋጋ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። አጎቴ የወንድሜን ወሬ የሰማው ከወንድሜ ጋር ታስሮ ከተፈታ ሰው ነው።

«እህት ዓለም፣ እንግዲህ በርቺ...» ብሎ ሳይጨርስ እጁን ይዛ እየጎተተች ወደ ጓሮ ወሰደችው። ውሻው በአራት እግሩ ቆሞ ጭራውን ይቆላል።

«ይኸው፣ ቆሟል እኮ! ታዲያ የማንን መርዶ ነው ይዘህብኝ የመጣኸው?»

አጎቴና ሽማግሌዎቹ አቀርቅረው ወጡ፤ እሷ በሩን ዘጋችባቸው። እኔ ያን ማለዳ ውሻውን ጠላሁት። ወድቆ ቢቀር ኖሮ ደረቷን ደቅታ፣ ልጄን ብላ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። ስለቆመ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ በቤታችን ስለ ወንድሜ ማልቀስ ክልክል ሆነ፤ እኔም መርዶውን ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ፣ ለወንድሜ ብላ የምትሠራውን ምሳ በየቀኑ አቀርብ ነበር።