ወይዘሮ ላማይና አራቱ ብልቃጦች

ወይዘሮ ላማይ በፔቻቡሪ ከተማ፣ ከወንዙ ድልድይ አጠገብ ባለች ባለ ስድስት ጠረጴዛ ቤታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ኑድል፣ ያንን በመረቅ የሚበላ ቀጭን ፓስታ፣ ሲያበሉ ኖረዋል። ባላቸው በሞቱ ጊዜ ቤቱን አልዘጉም፤ ወንዙ ሞልቶ ድስታቸውን በወሰደ ጊዜም ሌላ ድስት ጣዱ። በዚህ ዓመት በዝናቡ ወር ግን ትኩሳት ያዛቸው፤ በዘጠነኛው ቀን ሲለቃቸው የአፋቸውን ጣዕም ይዞባቸው ሄደ። ጨውም ስኳርም በምላሳቸው ላይ እንደ አሸዋ ሆኑ።

ይህን ለማንም አልተነፈሱም። ባንኮክ የምትኖረው ልጃቸው ራቻኒ “እማ፣ ይበቃሻል፤ ቤቱን ዝጊና እኔ ዘንድ ነይ” ማለት ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏል። በመጪው ቅዳሜ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ይህን ብትሰማ፣ ድስቱ በዚያው ቀን እንደሚወርድ ወይዘሮ ላማይ አልተጠራጠሩም። ስለዚህ እጃቸውን አመኑ፤ እጃቸው የለመደውን እየሰፈሩ መረቁን ይጥዱ ጀመር።

እጅ ግን የለመደውን እንጂ የተለወጠውን አያውቅም። ዝናቡ በዝቶ ስለ ነበር መረቁ ውስጥ የሚገባው የዚያ ሰሞን የዘንባባ ስኳር ጣፋጭነቱ ሳስቶ ነበር። በየጠረጴዛው ላይ አራት ብልቃጦች ይቀመጣሉ፤ ስኳር፣ የተፈጨ በርበሬ፣ ቃሪያ የተዘፈዘፈበት አቼቶና ከዓሣ የሚወጣው ጨዋማ ውሃ። ተመጋቢው እንደ ልቡ ይጨምራል፤ ወጥ ሠሪም በዚህ አይቀየምም። ጡረተኛው የባቡር ነጂ አቶ ቡንሉ ብቻ ሃያ ዓመት ሙሉ እጃቸውን ወደ ብልቃጥ ዘርግተው አያውቁም። ማክሰኞ ጠዋት ቀመሱ፤ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመሩ።

ያ ማንኪያ በወይዘሮ ላማይ ልብ እንደ ጦር አለፈ። ረቡዕ ገና ሲነጋ ሃያ አራቱንም ብልቃጥ ሰብስበው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። የሚጨምር ከሌለ የጎደለውን የሚያውቅ አይኖርም ብለው ነበር።

“አክስቴ፣ ብልቃጦቹስ?” አለች የቤቱ ደንበኛ የሆነች ዓሣ ሻጭ፣ ገና ሳትቀመጥ።

“እየታጠቡ ነው።”

“ሁሉም ባንዴ? ምነው፣ ሊመነኩሱ ነው እንዴ?”

“ሆስፒታል የገባሁ መሰለኝ” አለ ከበስተኋላዋ አንድ ሾፌር። “ቀጥሎ መርፌ ይመጣል!”

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ሳህኖቹ ግን ሳይጋመሱ ተመለሱ። አቶ ቡንሉ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቁ።

“ምን ሆነሻል፣ ላማይ?”

“ምንም አልሆንኩ፣ ወንድም ቡንሉ።”

“ነፍሷን ይማርና ሚስቴ ስትዋሸኝ አፍንጫዋ ይቀላ ነበር። ያንቺን በመስታወት እዪው።”

ወይዘሮ ላማይ ሊስቁ ጀምረው እንባ ቀደማቸው። ተቀመጡና ሁሉንም ነገሯቸው። አቶ ቡንሉም ሳያቋርጡ ሰሙ።

“ጭጋግ ሲወርድ እኔም አንድ ክንድ አይታየኝም ነበር” አሉ በመጨረሻ። “ታዲያ ባቡሩን አቆምኩ? የመንገዱን መብራት እያየሁ ነዳሁ። አንቺ መብራትሽን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍሽበት። ሰው ሁሉ ስኳር ካነሣ፣ መረቅሽ ስኳር ጎድሎታል። አንድ ሰው ብቻ ካነሣ የራሱ አመል ነው፤ ተዪው።”

“ይህ ሰውን ማታለል አይሆንም?”

“ከልጅሽ ከደበቅሽው ይሆናል።”

ሐሙስ ብልቃጦቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ወይዘሮ ላማይ ጭልፋቸውን ይዘው ከሳህኑ ይልቅ የተመጋቢዎቹን እጆች ተመለከቱ፤ ስኳር ጨመሩ፤ እንደ ገና ተመለከቱ። ዓርብ ረፋድ ላይ አቶ ቡንሉ እጃቸውን ወደ ብልቃጥ ሳይዘረጉ ሳህናቸውን ጨረሱ።

ቅዳሜ ራቻኒ የእናቷን ልብስ የምትከትበት ባዶ ሻንጣ እየጎተተች ገባች። ወይዘሮ ላማይም ሳህን ሳያቀርቡላት በፊት፣ “ልጄ፣ ምላሴ ሞቷል፤ ከትኩሳቱ ወዲህ ምንም አልቀምስም” አሏት።

ራቻኒ ክው አለች። “ታዲያ ማነው የሚቀምሰው?”

“እነርሱ” አሉ ወደ ጠረጴዛዎቹ እያመለከቱ። “ቁጭ በዪና እዪ።”

ልጅቱ በኩርፊያ ተቀመጠች። ሦስት ሰዎች ተከታትለው የዓሣውን ውሃ ሲያነሡ አየች፤ እናቷም አይተው ከዚያው ውሃ ግማሽ ጭልፋ ድስቱ ውስጥ ጨመሩ። ከዚያ በኋላ የመጡት አራት ሰዎች ብልቃጡን አልነኩትም። ራቻኒ የቀረበላትን ሳህን ወደ ራሷ ሳበች፤ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጣችው።

“ሐኪም ዘንድ ግን እንሄዳለን” አለች። “እምቢ ማለት የለም።”

“ደንበኛ ጥዬ?”

“የምትዘጊው መቼ ነው?”

“ሰኞ።”

“እንግዲህ ሰኞ። እስከዚያ እኔም አድራለሁ።” ዓሣ ሻጯ ገብታ ስትቀመጥ አየችና ተነሥታ እጅጌዋን ሰበሰበች። “የዓሣ ሻጯ ሳህን የትኛው ነው፣ እማ? ልውሰድላት።”