ትልቁን ቻርጀር የወሰድኩ ለታ

ባሌ ሁለት ቤት አለው። አንደኛው አሰላ ያለው የኔ ቤት ነው፤ ሁለተኛው ሳጉሬ፣ የጣውንቴ ቤት። ሁለት ሌሊት እዚህ፣ ሁለት ሌሊት እዚያ ሊያድር ሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቷል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከወንድ ፍቅር ምናምን አልጠብቅም። ሁለቷን ሌሊቴን ነው የምፈልገው። ጠዋት ከግቢዬ ሲወጣ ጎረቤት እንዲያየው፣ «ትቷታል» እንዳልባል። ለዚህች ስል ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ክፉ ነበርኩ፤ አልክድም።

ባሌ እህል ነጋዴ ነው። መጋዘኑ አሰላ ሆኖ ስንዴና ገብስ ሊገዛ ጢቾና ኦጎልቾ ሲመላለስ ይውላል። ድሮ በናፍጣ ፒክአፕ ነበር የሚሄደው፤ ናፍጣ በጠፋ ቁጥር ታዲያ እሱም አብሮ ይጠፋል። «ማደያው ወረፋ ነው፣ እዚሁ ሳጉሬ ማደሬ ነው» ይለኛል በስልክ። የሚገርመው ናፍጣው የሚያልቀው ሁልጊዜ ሳጉሬ ሲደርስ ነው። አንድ ቀን እንኳ እኔ ደጅ አልቆበት አያውቅም። ወላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ ይቺ አትጠፋኝም።

የኤሌክትሪክ መኪና ግዛ ብዬ የወተወትኩት ለዚህ ነው፤ ሰበቡን ከእጁ ልቀማው። ጓደኞቹም እየገዙ ስለነበር ብዙ አላስቸገረኝም። መኪናዋ ነጭ ሆና ከአዲስ አበባ ስትመጣ ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብላ «ሦስተኛዋ ገባች በይኛ!» ብላ ቀለደችብኝ። ሳቅኩላት። ሐሳቤ ግን መኪናዋ ላይ አልነበረም፤ ቻርጀሩ ላይ ነበር።

ከመኪናዋ ጋር አንድ ትንሽ ቻርጀር መጥቷል። መሐሉ ላይ ጡብ የምታህል ነገር ያለችበት ገመድ ነው፤ ማንኛውም ሶኬት ላይ ይሰካል። ሻጩ ግን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅም አለ ብሎ ነግሮት ነበር። ባሌ ሁለት ትልቅ እንደማይገዛ ቁርጡን ተናገረ። አንዱ ቤት ትልቁ ይሰቀላል፣ ሌላው ቤት ትንሿ ትሄዳለች። እንግዲህ ማን ምን ይውሰድ?

እኔ እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ትንሿ በፌስታል ተይዛ የትም ትሄዳለች። ግድግዳ ላይ የተቸነከረው ግን አይነቀልም። ቻርጀሩ የተቸነከረበት ቤት የመኪናዋ ቤት ነው፤ የመኪናዋ ቤት ደግሞ የሰውየው ቤት ነው። ሌላ ምን ማሰብ ያስፈልጋል?

ቤቱን እንዲያይ ኤሌክትሪሺያን ጠራን። ጠይም፣ ረጋ ያለ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው። ቆጣሪውን ከፍቶ አየ፣ ግቢውን በእርምጃው ለካ፣ ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ማዘር፣ መኪናዋ እዚህ ነው የምታድረው?»

«ታዲያ የት ልታድር?»

«እንግዲያው ትንሿ ትበቃዎታለች። ማታ ይሰኳታል፣ ጠዋት ሞልታ ያገኟታል። ትልቁ ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው ወፍራም ገመድ ይፈልጋል፣ የራሱን ብሬከር ይፈልጋል። ጥቅሙ በሦስትና በአራት ሰዓት መሙላቱ ነው፤ ለሚያድር መኪና ግን ምን ያደርጋል? እሱ ለቸኮለ ሰው ነው።»

ደሜ ፈላ። ባሌ ነው ያስጠናው አልኩ። ባሌም ከበረንዳው ምሰሶ ተደግፎ ጥርሱን እየፋቀ «እውነቱን ነው እኮ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ።

«እንቁላሉን ለሳጉሬ ስጥ!» አልኩት። «እኔ ዶሮዋን ነው የምፈልገው። አንተም ወንድሜ፣ የተጠራኸው ልትሠራ ነው ልትመክር?»

ሰውየው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ የሚገዛውን ዕቃ ጻፈ። በማግስቱ ጓሮዬን ቆፍሮ የመዳብ ዘንግ ከጨውና ከከሰል ጋር ቀበረ፤ ሰው ኤሌክትሪክ እንዳይመታ ነው አለኝ። ግድግዳዬን በስቶ ትልቁን ቻርጀር ሰቀለ። አረንጓዴዋ መብራት ቦግ ስትል እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ጎረቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ሁለት ቀን ሙሉ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እየጠራሁ አሳየሁ።

ይህ አልበቃኝም። ትንሿን ቻርጀር እኔው ራሴ ላድርስ ብዬ ተነሳሁ። ፌስታል ውስጥ ጨምሬ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ በገበያ ቀን ሳጉሬ ወረድኩ። ቀኑን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሰው ይብዛ ብዬ። ጣውንቴ የበኩር ልጄ እኩያ ናት። በር ላይ አገኘችኝ፣ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። እኔ ፌስታሉን ደረቷ ላይ አስጠጋሁት።

«እንኪ። ከኔ የተረፈ ነው። ላንቺ ይበቃሻል» አልኳት ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ሁለት ሴቶች ቆመው ይሰሙ ነበር። ጣውንቴ ቀላች። ፌስታሉን ከፍታ አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ ይሄኛው ለመሙላት ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«እስኪነጋ! ትርፍ ነገር ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አይ፣ ይሁን» አለች መሬት መሬት እያየች። «ለኔ ይበቃኛል። አላህ ይስጥልኝ።»

ምስኪን ቂል አልኳት በሆዴ። ሻይም ሳልጠጣ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አብዳለች ብሎ ሳያማኝ አልቀረም።

የመጀመሪያዋ ተራዬ ደረሰች። ባሌ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መጣ፣ መኪናዋን ሰካ። በግ አሳርጄ ነበር። በላ፣ መግሪብ ሰገደ፣ ተደገፈ። እኔ ፍራሹን ላነጥፍ ስል ስልኩን አየት አደረገ። ቻርጀሩ ስልኩ ላይ ሁሉንም ይነግረዋል።

«ሞላች» አለ።

«አልሃምዱሊላህ።»

«ሀዳ ኢጆሌ» አለኝ፤ የልጆቼ እናት ማለቱ ነው፣ ሊሸነግለኝ ሲፈልግ ነው እንዲህ የሚጠራኝ። «ነገ ሳጉሬ በጠዋት እህል ይገባልኛል። ሞልታ ከተገኘችማ አሁኑኑ ሄጄ እዚያው ልደር።»

ጫማውን አደረገና ሄደ። ገና የኢሻ ሶላት እንኳ አልተሰገደም። ነገ ይሻላል አልኩ። በማግስቱም ልክ እንደዚያው። ድሮ ሲመጣ የሚመጣው ሊያድር ነበር፤ መኪናው ቆመ ማለት አደረ ማለት ነው። አሁን የሚመጣው ሊሞላ ሆነ። ስትሞላ ጉዳዩ አለቀ። ለራሴ የገዛሁት እንግዲህ ይህንን ነው፤ ባሌን በሦስት ሰዓት ተኩል የሚያስወጣልኝ ማሽን።

ሳጉሬስ? ሳጉሬ ትንሿ ስትንቀረፈፍ ታድራለች፤ እሱም አብሯት ያድራል። አንዳንዴ መብራቱ ደከም ይላል፣ ጠዋትም ግማሽ አይደርስም። ተራዬ ሲደርስ ስልኬ ይጮኻል። «አልሞላችም፣ መንገድ ላይ ትቀርብኛለች፣ ዛሬንም እዚሁ ልደር።» ሦስተኛ ሌሊት! ያቺ ከእጁ የቀማሁት ናፍጣ ተመልሳ መጣች፤ ለዚያውም በፌስታል አንጠልጥዬ ያደረስኩላት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ነው የጣውንቴ ጥያቄ የገባኝ። ስንት ሰዓት ይፈጃል። ሒሳብ አስተማሪዋ እኔ፣ የሚያዋጣውን ያሰላችው እሷ። መሬት መሬት ያየችው አፍራ አልነበረም፤ ሳቋ እንዳይታይባት ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ አሉ። ተናድጄ አለቀስኩ፤ አልቅሼም አልወጣልኝ።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። በሚቀጥለው ተራዬ እሱ ሲበላ ወጥቼ ብሬከሩን አጠፋሁት። ትቆይ፣ ሳትሞላ ይምሽበት ብዬ። ተመልሼ ወጥ ስጨምርለት ስልኩን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ከራሳችን በላይ የሚበራውን አምፖል አየ፣ ከዚያ እኔን።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለኝ።

አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል። ተነስቼ አበራሁት። እሱ ምንም አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጉርሻውን አላምጦ ውጦ «ቶሎ ይሙላ ብለሽ አይደል ያስገዛሽኝ?» አለ፣ እንዲሁ በለሰለሰ ድምፅ።

ሽማግሌዎቹን ጠራሁ። ሦስቱም መጡ፣ በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ። ተራዬን አያድርልኝም ብዬ ከሰስኩ። ባሌ ተራውን ጠብቆ ተናገረ።

«አባቶቼ፣ በተራዋ አልቀረሁም። እመጣለሁ፣ እበላለሁ፣ እሰግዳለሁ። ሥራ ያለው ሰው ነኝ፤ መኪናዬ ስትሞላ እሄዳለሁ። ትልቁን ያስገዛችኝ እሷ ናት፣ ባለሙያውም እኔም መክረናታል። ይኸው ሰቅላዋለች፣ ይዩት።»

ሦስቱም ዞረው ግድግዳዬን አዩ። ትልቁ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ወደኔ ቀሰሩ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ታዲያ ትንሿን ለምን አልወሰድሽም?»

የተቀሩት ሁለቱ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሲንቀጠቀጡ ግን ትከሻቸው ይታየኛል። ባሌም ሳቀ። በኔው ግቢ፣ እኔው ያፈላሁትን ሻይ ይዘው ሳቁብኝ። ባልሽን መክረነዋል ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ምክሩ እንዲህ ሆነ፤ እሱ መምጣቱንም ተወው። አሁን በተራዬ የምትመጣው መኪናዋ ናት። የመጋዘኑ ሠራተኛ፣ ባለትዳር ጨዋ ሰው፣ ይዟት ይመጣል። ጥሩምባ ይነፋል፣ እከፍትለታለሁ፣ ይሰካል፣ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን «እሱስ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«መጋዘን ናቸው። ስትሞላ አምጣልኝ ብለዋል፣ ወደ ሳጉሬ ሊሄዱ።»

መጋዘኑ ከቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ለባሌ የሠራሁትን ራት ለሠራተኛው አቀረብኩለት። ሰውየው አፍሮ አቀርቅሮ በላ። ሌላ ቀን አልጠየቅኩትም።

ባለፈው ወር ታመምኩ። ትኩሳት ነው፣ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ጉልበቴ አይታዘዘኝም። ከመተኛቴ በፊት ግን ወጥቼ ያንን ብሬከር አጠፋሁት። ለምን? ስልኩ ላይ ሲያጣው፣ ምን ሆና ነው ብሎ ይመጣል ብዬ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሠራተኛው መጥቶ ጥሩምባ ሲነፋ ተኝቼ ሰማሁት፤ አልተነሳሁም። ጎረቤቴ ሾርባ ታመጣልኝ ነበር። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ እሱ ነው።

«ቻርጀሩ ለምን ጠፋ?» አለኝ።

«አሞኝ ነው» አልኩት። «ሦስት ቀኔ ነው ከተኛሁ።»

«ውይ» አለ። «አላህ ያሽርሽ።» እንዴት ነሽ፣ መጣሁ፣ ይላል ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። «በይ እንግዲህ፣ ብሬከሩን አብሪልኝ። ሰውየውን ልልከው ነው።»

ግድግዳውን ተደግፌ ወጣሁና አበራሁለት።