ደረጀ ባልጨረሳት መኪና ወደ ካራ ተራራ

ሲግናል፣ ጎህ ሲቀድ

ከመገናኛ እስከ ካራ ስለ መኪና ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። ሞተር ሲያስነጥስ በሽታው የት እንደሆነ አልጋዬ ላይ ተኝቼ እናገራለሁ። ይህንኑም ለቅሶ ቤት ለተቀመጠው ሁሉ ስናገር አመሸሁ። «የደረጀ ላንድሮቨር እውነተኛ አንድ ቶን ጫኝ ናት። ተራራውን ራሱን ብትጭኑባት ተራራው ላይ ይዛው ትወጣለች!»

ሰዎቹ አመኑኝ። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው።

ደረጀ መካኒክ ነበር፤ ጓደኛዬ። ጉበቱ ሲያሰቃየው ከርሞ ገደለው። ትናንት ሬሳውን ይዘን ሰፈሩ አጠገብ ወዳለው የቤተ ክርስቲያን መቃብር ብንሄድ፣ ጴንጤ ነው ብለው ከበር መለሱን። ሚስቱ ጽጌ በሩ ላይ አላለቀሰችም። «ሁለተኛ እንዳይመለስብኝ» አለች። ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ቶሎሳ ከካራ በላይ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ በአባታቸው እርሻ ጫፍ ጉድጓድ አስቆፍሯል። ነሐሴ ነው። የከሰዓቱ ዝናብ ከቀደመን ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፣ ደረጀም ሁለተኛ ይመለሳል። በዚያ ጭቃ ደግሞ ከእሱ ከራሱ መኪና በቀር የሚደፍር የለም።

ቤንዚን በኩፖን ነው፤ የዕድሩ ሰዎች ከየድርሻቸው አዋጥተው ሞሉላት። ሹፌራችን ኑሪ ነው፤ ከደረጀ ጋር አንድ ጋራዥ ውስጥ ያረጀ፣ የንጋት ሱብሂውን ሰግዶ በቀጥታ የመጣ።

ሳጥኑ ተጫነ። የዕድሩ ድንኳን ተጫነ፣ ቋሚዎቹ ተጫኑ። ከዚያ ሰው መውጣት ጀመረ። የቀብር መኪና ላይ የሚወጣን ሰው ማን ይከለክላል? ግማሹ የሲግናል ሰው ወጣ።

«እማማ ድንቄ፣ መኪናዋ ሞልታለች እኮ» አልኳቸው ጎረቤታችንን።

«መቀመጫ ስጡኝ አልኩ? ቆሜ እሄዳለሁ። ደግሞ አንድ ቶን ናት ያልከው አንተው አይደለህም እንዴ?»

እጃቸውን ይዤ ሳብኳቸው።

ኮተቤ፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል

ጋቢና ውስጥ ነኝ፤ ጽጌ መሃል፣ ኑሪ መሪው ላይ። መንገዱ እርጥብ ነው። ዳቦ ቤቱ ፊት የቆመው ሰልፍ ሳጥኑን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ኑሪ ግን የሚያየው መንገዱን አይደለም፤ ጆሮው ከወለሉ በታች ነው።

«ካሣዬ፣ ይህን ሁሉ ሰው ማን ጠራው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን አስጨነቀህ? አንድ ቶን ናት።»

«ማን ነገረህ?»

«ደረጀ! ከወደቀ የጦር ካሚዮን ጎማ ተሸካሚውን አክስል ፈትቶ ሲገጥም ዓይኔ እያየ…»

«የኋላውን ነው ያየኸው። አንድ ቶን የሚባለው ፊትም ኋላም የከባድ መኪና አክስል ሲኖራት ነው። ጎማ ስላሳበጥክ፣ ከሥሯ የባሌስትራ ብረት ስለደረደርክ አንድ ቶን አትሆንም። ጭነቱ ኋላ ነው ብለህ ፊቱን ከተውክ፣ ድንጋዩን ቀድሞ የሚጋፈጠው ማን ሆነና?»

«ታዲያ የፊቱስ?»

«አግኝቶት ነበር። ጋራዡ ውስጥ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። ለመግጠም ሲነሳ ነው አልጋ የያዘው።»

ጽጌ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እኔ፣ በአንድ መኪና ስም ሌሊቱን ሙሉ የማወራው ሰው፣ ስለ መንገዱ ውበት መናገር ጀመርኩ።

ካራ፣ ኬላው

በቆሎ የምትጠብስ ሴት በስሙኒ ትሸጣለች። ገንዘብ ስዘረጋላት ሳጥኑን አየችና እጄን መለሰች። በቆሎውን ግን ሰጠችኝ።

የኬላው ጥበቃ የቀበሌውን የቀብር ፈቃድ ወረቀት ገልብጦ አየ። አጭር ሰው ነው፤ ጠመንጃው ከእሱ ይረዝማል።

«ሟቹ ጴንጤ ነው?»

 ያን ጊዜ ጴንጤነት ያሳስር ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጨዋታ አይደለም።

«መካኒክ ነው» አልኩ።

አየኝ። ጎንበስ ብሎ የፊት ጎማዋን በጫማው መታ አደረገና «ተጭናችሁባታል» አለ። ገመዱን አወረደው። ምሕረቱ ለጴንጤው ይሁን ለመካኒኩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከኬላው እንደራቅን ኑሪ ቆመ፤ ወርዶም ለመነ። «እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ዳገቱን በእግራችሁ ብትወጡልን?»

የወረደ የለም። ከሬሳ መኪና ላይ መውረድ ሟቹን መንገድ ላይ ጥሎ እንደመሄድ ነው። ሁሉም የሚጠብቀው ጎረቤቱ ቀድሞ እንዲወርድ ነው። እማማ ድንቄ ሳጥኑን በሁለት እጃቸው አቀፉት። «እኔ ከደረጄዬ አልለይም» አሉ። ኑሪ ወደኔ ዞረ፤ አንድ ቶን አይደለችም ብዬ ቃሌን እንዳነሳ ይጠብቃል። በቆሎዬን አኘክሁ።

ዳገቱ

ባሕር ዛፉ ውስጥ ጭጋግ ተኝቷል። መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣች፣ ወጣች። የኋላው እውነትም የደረጀ ሥራ ነበር፤ አንዴም አልተንገጫገጨም። ከዚያ ጎርፍ ያጋለጠው ድንጋይ ላይ ፊቷ ወጣና… ጧ! የቀኙ ጎማ እንደተሰበረ ክንፍ ወደ ውስጥ ታጠፈ።

ሰው አሁን ወረደ። ኑሪ ጭቃው ላይ ተንጋልሎ ከሥሯ ገባ። ቆይቶ ሲወጣ ፊቱ በጭቃ ተሸፍኖ ነበር፤ ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ።

«የፊቱ አክስል ሄደ» አለ።

ጽጌ ወደኔ ዞረች። «ካሣዬ፣ አንድ ቶን ናት አላልክም?»

ቁጣ የለባትም። የምሬን ጠየቀችኝ፤ አምናኝ ነበርና።  ከየረር ተራራ በኩል ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል።

የዕድሩን ድንኳን ቋሚዎች አወረድን። ሁለቱን ረጃጅሞች ከሳጥኑ ሥር በገመድ አሠርንና ትከሻ ለትከሻ ተቀባበልን። ኑሪ ከፊት ያዘ፤ መኪናዋን ዞር ብሎ አላያትም። ያ አልወርድም ያለ ሕዝብ አሁን ለመሸከም ይሻማል፤ «ወገኔ፣ ይብቃህ፣ ለእኔ!» ይባባላል። እኔም ሦስት ጊዜ ተሸከምኩ፤ በየተራዬ አሥራ ሁለት ጊዜ ሞቻለሁ።

የአባታቸው እርሻ ጫፍ

ጋሽ ቶሎሳ ከላይ እየሮጡ መጡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። «ኑ! ኑ! ከሥሩ እየመነጨ ነው!» አሉ። የመንደሩ ሰዎች ውሃውን በቆርቆሮ ይጨልፋሉ። ሰማዩ አጉረመረመ። ሳጥኑ ወረደ፣ አፈሩ ተመለሰ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የወደቁት በአፈሩ ላይ ነው።

ጽጌና ጓደኞቿ ከተማ ውስጥ መስኮት ዘግተው በሹክሹክታ የሚዘምሩትን እዚያ ላይ ድምፃቸውን ከፍተው ዘመሩት። እማማ ድንቄ ማተባቸውን በጣታቸው እንደያዙ ቆመው አዳመጡ፤ ኑሪ መዳፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ የራሱን ዱዓ አደረገ። ዝናቡ ሁሉንም እኩል አበሰበሰ።

ጽጌ ጉብታውን በእጇ ደልድላ ተነሳች። «አልተመለሰም» አለችኝ።

መልስ

ሁሉም መውረድ ሲጀምር እኔ ከተቀመጥኩበት ድንጋይ አልተነሳሁም። ደረጀ ያለበትን አፈር እያየሁ፣ ተነስቼ ብሄድ እሱ ከዚያ በኋላ በቃ እንደሌለ ገባኝ፤ ድንጋዩን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ምን ሆንክ?» አለኝ ኑሪ።

«ቁርጭምጭሚቴ ተጠመዘዘ።»

ድንኳኑን በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ወጥረው ቃሬዛ ሠሩና ጫኑኝ። አራት ሰው፣ በጭቃ፣ በዝናብ፣ ቀኑን ሙሉ በደከመ ትከሻ፣ እስከ ካራ አስፋልት ተሸክሞ አወረደኝ። ሕመሙ ነው እያልኩ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ጽጌ ከጎኔ እየሄደች ነጠላዋን ፊቴ ላይ ጋረደችልኝ።

ቁርጭምጭሚቴ ምንም አልሆነም ነበር።